ዛፍ የሚጸድቀው ከተተከለ በኋላ ነው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ዛሬ በዚህ የዋሽንግተን ኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የቆምኩት፣ የከተማችንን ዛፎች ስለሚንከባከበው ኬሲ ትሪስ ስለተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ልነግራችሁ ነው። በእነዚህ ዛፎች ጥላ ሥር ታክሲ አቁመን አርፈናል፣ አውቶቡስ ጠብቀናል። የማን ድካም እንደሆነ ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዋሽንግተን ፖስት የከተማዋ ዛፎች ምን ያህል እንደተመናመኑ በሳተላይት ምስል አስደግፎ ዘገበ። ዘገባውን ያነበቡት ቤቲ ብራውን ኬሲ የተባሉ በጎ አድራጊ 50 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ፤ ድርጅቱም በዚያ ተመሠረተ። ልግስናው ትልቅ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሥራው በቆጠራ መጀመሩ ነው። በ2002 በጎ ፈቃደኛ ነዋሪዎች መንገድ ለመንገድ እየዞሩ ከ100 ሺህ በላይ ዛፎችን መዘገቡ፤ የቱ ጤነኛ እንደሆነ፣ የቱ እንደደረቀ፣ የትኛው ጉድጓድ ባዶ እንደቀረ ለዩ። አገር ቤት በየክረምቱ በዘመቻ ስንተክል የተተከለው ቁጥር ይነገራል፤ የጸደቀውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህ ሰዎች ልንማር የሚገባን የጸደቀውን መቁጠር ነው።

አተካከላቸውንም እዩ። ዛፉ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ሥሩን የያዘው ሽቦ ይቆረጣል፣ ጆንያው ይገፈፋል። ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት፤ ከተቀበረ ዛፉ ቀስ በቀስ ይታፈናል። አፈሩን የሚሸፍነው የእንጨት ፍቅፋቂ ዙሪያውን ይበተናል እንጂ ግንዱን አይነካም። ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ ይጀምራል። አዲስ ዛፍ እንደ አራስ ነው፤ ዝናብ በማይጥልባቸው የሙቀት ሳምንታት በየሳምንቱ 25 ጋሎን፣ ማለትም 95 ሊትር ገደማ ውኃ ይፈልጋል፤ ይህም ለሦስት ዓመት።

ድርጅቱ በመትከል ብቻ አልተወሰነም። የከተማዋን የዛፍ ይዞታ በየዓመቱ እየገመገመ ነጥብ ይሰጣል፤ ለጠንካራ የዛፍ ጥበቃ ሕግም ይሟገታል። በ2016 የተሻሻለው ሕግ የግንዱ ዙሪያ 100 ኢንች የሞላውን ጤነኛ ዛፍ በባለቤቱ ግቢ ውስጥ እንኳ ቢሆን መቁረጥን ይከለክላል። ከተማዋ በ2032 ከመሬቷ 40 በመቶውን በዛፍ ጥላ ለመሸፈን አቅዳለች። ይህ በመንግሥት ሠራተኛ ብቻ አይሞላም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። በመጸውና በጸደይ ቅዳሜ ጠዋት ተከላ ሲኖር ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ልምድ አያስፈልግም፣ አካፋና ጓንት እዚያው ይሰጣል። ግቢ ያላችሁ ደግሞ ዛፍ እንዲተከልላችሁ አመልክቱ። ቅጹን መሙላት የሚቸገሩ ወላጆች ካሉ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ አብረን እንሞላለን።

አመሰግናለሁ።