በቁማቸው ያላወረድናቸው እናት

(በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ በእድራችን ዓመታዊ የሟቾች መታሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እድርተኞች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

አባታችን ጸሎቱን አድርሰውልናል። ሼኻችንም ዱዓ አድርገዋል። የሟቾቻችን ስም አንድ በአንድ ከመዝገቡ ተነቧል። ዘጠኝ ናቸው። በአንድ ዓመት፣ ከአንድ እድር፣ ዘጠኝ ሰው። ነፍሳቸውን ይማር። ሐጂያችንን አላህ ጀነት ይወፍቃቸው። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ሐዘንተኞች፣ ፈጣሪ ያጽናችሁ።

ኮሚቴው ጸሐፊ ነህና ስለ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ደቂቃ ተናገር ብሎኛል። ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ሦስት ሌሊት ስጽፍ ሦስቱንም ሌሊት የተመለስኩት ወደ አንድ ሰው ነው። ስለ እሳቸው ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። የሌሎቹ ቤተሰቦች፣ ቅር አይበላችሁ። የእሳቸው ነገር የሁላችንም ነገር ሆኖብኝ ነው።

እማማን ነው የምላችሁ። አራተኛ ፎቅ የነበሩትን። ልጆቻችን "ባለ ዘንቢሏ እማማ" የሚሏቸውን።

ያቺን ዘንቢል የማያውቅ እዚህ የለም። ቀይና አረንጓዴ ናት። አንዱ ማንጠልጠያዋ በሽቦ የታሰረ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ከበረንዳው በገመድ ትወርዳለች። ውስጧ በመሐረብ ጫፍ የተቋጠረ ብር አለ። ባለ ጉሊቷ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ አንዳንዴ ሁለት ፍሬ ቃሪያ ታደርግባታለች። መልሱን እዚያው መሐረብ ላይ ትቋጥራለች። ከዚያ "ይሳቡ እማማ!" ትላለች። ዘንቢሏ ግድግዳውን እየታከከች ትወጣለች። የሁለተኛ ፎቅ ልጆች በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ስታልፍ ይነኳታል። እማማ ከላይ ሆነው "ተው እናንተ! እንቁላል አለባት!" ይላሉ። እንቁላል ኖሮባት አያውቅም።

እኛም ይሄን እያየን ፈገግ ብለን ወደ ሥራችን እንሄድ ነበር። ደስ የሚል ነገር ይመስለን ነበር። ሰው ገመድ የሚያወርደው ራሱ መውረድ ሲያቅተው መሆኑን ግን ቆም ብሎ ያሰበ አልነበረም።

እማማ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ሲመዘገቡ አራት ኪሎ፣ የቀበሌ ቤት ነበሩ። ያኔ ጉልበታቸው ደህና ነበር። ዕጣው የወጣላቸው በ2007 ነው። አሥር ዓመት ጠበቁ። ዕጣ ደግሞ ዕድሜ አይጠይቅም። አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። የእኛ ብሎክ እንደምታውቁት ጂ ፕላስ አራት ነው፤ ሊፍት የለውም። ደረጃውን በቀደም ቆጠርኩት። 72 ነው።

መጀመሪያ የገባን ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ውሃው ላይኛው ፎቅ አይደርስም። መንገዱ ጭቃ ነው። ታክሲ የለም። ማታ ማታ ጅብ ይጮሃል። እማማ ያኔ ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን በሁለት እጃቸው ይዘው ይወጡ ነበር። በየፎቁ ያርፋሉ። ሲያርፉ ዝም ብለው አያርፉም፤ በር ያንኳኳሉ። "እንዴት ዋላችሁ? ቤቱን ለመዳችሁት?" ይላሉ። እኔና ጎረቤቶቼ የተዋወቅነው በእሳቸው ማንኳኳት ነው።

ይህን እድር ስናቋቁምም ቤት ለቤት የዞሩት እሳቸው ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። እሳቸው ያንኳኳሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አሁን ስም የተነበበበት መዝገብ፣ ይሄ ሰማያዊው፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች በሙሉ የእማማ ማንኳኳት ናቸው። ብዙዎቻችሁ እዚህ የተቀመጣችሁት እሳቸው በራችሁን ስለመቱ ነው።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ጉልበታቸው ጭራሽ ከዳቸው። ከዚያ ወዲህ አልወረዱም።

መዋጮ አሁን የምንሰበስበው በቴሌብር ነው። እማማ እንደዚያ ያለ ስልክ ስለሌላቸው ቤታቸው ሄጄ እቀበላለሁ። ሕማማት ሲገባ ሄድኩ። "ልጄ፣ ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን የሚያወርደኝ ሰው ታገኝልኛለህ?" አሉኝ። "መውጣቱን ግድ የለም፣ ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ። መውረዱ ነው የሚያስፈራኝ።" እኔም "እሺ እማማ፣ ከጎረምሶቹ ጋር ተነጋግሬ እመጣለሁ" አልኩ። ብሩን ተቀበልኩ። ደረሰኝ ቆረጥኩ። ወረድኩ።

አልተመለስኩም።

በዓል ነበር። ዶሮ መግዛት ነበረብኝ። ልጅ ልብስ ይፈልጋል። ይሄ ምክንያት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን የሆነው ይሄ ነው። ፊት ለፊት ካለው ብሎክ ያለች አንዲት እህት ስትነግረኝ፣ የፋሲካ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከቅዳሴ ስትመለስ ቀና ብላ አይታ ነበር። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው በረንዳ ላይ ቆመዋል። የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ እየሰሙ አስቀድሰው ነበር። ሁለት እጃቸው የበረንዳውን ብረት ይዟል። ነጭ ነጠላቸው ከሩቅ ይታይ ነበር አለችኝ።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ዘንቢሏ ሳትወርድ ቀረች። ዝናብ ነው ተባለ። በማግስቱም አልወረደችም።

ማን አወቀ? እኔ አላወቅኩም። ሰብሳቢያችን አላወቁም። ከጎናቸው ያለው በር አላወቀም። ያወቀችው ባለ ጉሊቷ ናት። ሽንኩርቷን በላስቲክ ሸፍና 72ቱን ደረጃ ወጣች። አንኳኳች። ጆሮዋን በሩ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ እየጮኸች ወረደች። ይህች ሴት እድርተኛ አይደለችም። የመመዝገቢያውን መክፈል ስላልቻለች አላስገባናትም። ስሟን ጽፌ መልሼ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

ጡሩምባው ተነፋ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም፣ ስምንት ጎረምሳ ተገኘ። ስምንት! አንዱ ቀበቶውን እየታጠቀ ነው የመጣው። ሣጥኑ በደረጃው ማጠፊያ ላይ አልዞር አለ። ማቆም ነበረባቸው። ሁለቱ ከታች በትከሻ ደገፉ፣ ሁለቱ ከላይ በገመድ ያዙ። ገመዱ የዘንቢሏ ገመድ ነው። በቅርብ የተገኘው እሱ ነበር።

እናንተ ልጆች፣ እዚህ አላችሁ፣ አያችኋለሁ። የሠራችሁትን ፈጣሪ ይቁጠርላችሁ። እናንተን አልወቅስም። የምወቅሰው እኛን ነው፣ አባትና እናት የምንባለውን። እማማ በሕይወት እያሉ ስንት ኪሎ ይሆኑ ነበር? ወንበር ላይ አስቀምጦ ለማውረድ አራት ሰው ይበቃል። ለሬሳቸው በአሥር ደቂቃ ስምንት ሰው አገኘን። በቁማቸው በስድስት ወር አራት ሰው አጣን!

ድንኳኑ በሰዓቱ ተተክሏል። ወንበሩ ሞልቷል። የሴቶች እድር ንፍሮውን፣ ሻዩን፣ እንጀራውን አንድም ሳያጎድል አቅርቧል። ሰው እስከ አስፋልቱ ቆሞ ነበር። "ደህና ቀብር ነበር" ስትሉ ሰምቻለሁ። እኔም ብያለሁ። ግን ከድንኳኑ ስወጣ አንድ ነገር አነቀኝ። ይሄ ሁሉ ሰው የት ነበር?

ማታ ቤቴ ገብቼ ደንባችንን አወጣሁ። የጻፍኩት እኔው ነኝ። ድንኳን አለበት። ወንበር አለበት። ብረት ድስት በቁጥር አለበት። ቀብር የቀረ ይቀጣል ይላል። ሰልስት ያልተገኘ ይቀጣል። መዋጮ ያዘገየ ይቀጣል። "የታመመ" የሚል ቃል ፈለግኩ። የለም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ማኅተሙ ድረስ የለም። በእኛ ደንብ ሰው የሚታወቀው ሲሞት ነው!

አንዳንዶቻችሁ "እድር እኮ ለቀብር ነው" ትላላችሁ። ባለፈው ስብሰባም ተብሏል። እውነት ነው፣ መነሻው እሱ ነው። ከየገጠሩ ለሥራ አዲስ አበባ የገባ ሰው፣ ዘመዱ ሩቅ፣ አገሩ ሩቅ፣ ቀባሪ እንዳያጣ ነው እድር የገባው። ግን እድር እዚያው ቆሞ አያውቅም። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ይህን ከተማ ሲያረግፈው ምን እንደሆነ የምታስታውሱ አላችሁ። በየሳምንቱ ጡሩምባ ነበር። የእድሮች ካዝና ባዶ ቀረ። ያኔ ብዙ እድሮች "እስከ መቼ ቀብር ብቻ?" አሉ። ደንባቸውን ቀየሩ። የታመመ መጠየቅ፣ ወላጅ ያጣውን ልጅ ማስተማር ጀመሩ። ያውም ሰው በሽተኛ ለመንካት በሚፈራበት ዘመን። እነሱ ያንን ካደረጉ እኛን ምን ያዘን? ደረጃ?

እንዴት እዚህ እንደደረስንም አውቃለሁ። በ2012 ኮሮና መጣ። አዋጁ ከ4 ሰው በላይ አትሰብሰቡ አለ። ድንኳን ቀረ፣ ለቅሶ መቀመጥ ቀረ። በሩቁ አንገት ደፍቶ ማለፍ ለመድን። ያኔ ግድ ነበር። በ2013 ደግሞ ቴሌብር መጣ። መዋጮ ለመሰብሰብ በር ማንኳኳት ቀረ። ቀላል ሆነ፤ ገንዘብ ያዣችንም ዐረፈ። ግን ያ ወር በገባ ቁጥር የሚደረገው ማንኳኳት ለብሩ ብቻ አልነበረም ለካ። በር ሲከፈት ማን እንደከሳ ይታያል። ማን እንደሚያስል ይሰማል። ቤት ውስጥ ምጣድ መጣዱና አለመጣዱ ይታወቃል። በሽታው አልፎ ሄደ፤ እኛ ግን ወደ በሩ አልተመለስንም።

እኔ ያደግኩት ጉለሌ ነው። አንድ ግቢ፣ ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ። ኑሮው ጥሩ ነበር አልልም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ ወረፋ ነው። እዚያ እንመለስ የሚል ሰውም አይደለሁም። ግን እናቴ ጠዋት ቧንቧው ጋ ያላየችውን ሰው "ምን ሆና ይሆን?" ብላ እስክታይ ድረስ ቡናዋን አትቀዳም ነበር። ይሄ ደንብ ላይ አልተጻፈም። የማንም መዝገብ ላይ የለም። እማማ ያንን ይዘው ነው አራት ኪሎን ለቀው የመጡት። በየፎቁ ያንኳኩት ለዚያ ነው።

ወደ ሌሎቹ ልለፍ።

ሐጂያችን የድንኳን ካስማ ሲመታ ከሁሉ ቀድመው መዶሻ የሚይዙ ሰው ነበሩ፤ የክርስቲያን ለቅሶ፣ የሙስሊም ለቅሶ አይሉም። ጀናዛቸው በዚያው ቀን ሲወጣ ቃሬዛውን ለመሸከም የነበረው ግፊያ መልሱ ይመስለኛል። ጡረታ የወጡት መምህራችን ምድር ቤት ባለው በረንዳቸው ስንቱን ልጅ ሂሳብ አስጠንተዋል፤ ብር ሲሰጧቸው ይቆጡ ነበር። ባጃጅ የሚነዳው ልጃችን ምጥ የያዛትን በሌሊት አድርሶ ሒሳብ ተቀብሎ አያውቅም፤ እናቱ እዚህ አለች፣ እናታችን አይዞሽ። በአንድ ወር ልዩነት ተከታትለው ያረፉ ባልና ሚስትም አሉ። የሦስቱን ደግሞ ቤተሰቦቻቸው ራሳቸው ይናገራሉ፤ ከእኔ ይልቅ ለእነሱ ይገባል።

የማመለክተው ሦስት ነገር ነው። በየደረጃው አንድ ተጠሪ ይኑር፣ በሳምንት አንዴ እያንዳንዱን በር ያንኳኳ። ደንባችን ላይ ስለ ታመመና መውረድ ስላቃተው ሰው አንቀጽ ይግባ፤ ቀብር የቀረ ከተቀጣ፣ ሲጠሩት ታማሚ ለማውረድ ያልመጣም ይቀጣ። ሦስተኛ፣ ባለ ጉሊቷ ያለ መመዝገቢያ አባል ትሁን። ይሄኛው ላይ ድምፅ ለመስጠት እጅ ማውጣት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ካስፈለገ ግን እጃችሁን ዛሬ፣ እዚሁ፣ የእማማ ስም በተነበበበት ቦታ አውጡ!

አሁን ወደዚያ ጥግ ተመልከቱ። ያ ወንበር የድንኳኑ አይደለም። ታች ካለው ብየዳ ቤት ነው ያሠራሁት። አራት እጀታ አለው፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ። ቀበቶም አለው። ትናንት ማታ ልጄን አስቀምጠን ደረጃው ላይ ሞክረነዋል። ማጠፊያው ላይ ይዞራል።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው ብሎክ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከገና ወዲህ ያልወረዱ አባት አሉ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ። "ፀሐይ ላይ ትንሽ ብቀመጥ" ነው ያሉኝ፣ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ጫማቸውን አድርገው እየጠበቁ ነው። ከዚህ ስንነሳ አራት ሰው እፈልጋለሁ። አንዱ እኔ ነኝ። ሦስት ሰው።