ባለ መስመሮቹ የጨረቃ ምስሎች

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። በዛሬው ዝግጅት ላወጋችሁ የወደድሁት ሰሞኑን ሐሳቤን ይዞት ስለከረመው ስለ ሉናር ኦርቢተር የምስል ማኅደር ነው። ሉናር ኦርቢተር የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1966 እስከ ኦገስት 1967 ድረስ ወደ ጨረቃ ያመጠቃቸው የአምስት ሰው አልባ መንኮራኩሮች የጋራ ስም ሲሆን፣ ዋና ዓላማቸውም የአፖሎ ጠፈርተኞች ሊያርፉባቸው የሚችሉትን ሜዳዎች ከቅርብ አንሥቶ ማሳየት ነበር። ይህ ሥራ በሦስቱ ስለተጠናቀቀ፣ አራተኛውና አምስተኛው በዋልታዎቹ በኩል በሚያልፍ ምኅዋር እየዞሩ ጨረቃን በስፋት እንዲያነሡ ተደረገ። አምስቱ በአንድነት ከጨረቃ ገጽ 99 በመቶ ያህሉን ሸፍነዋል።

ከእነዚህ ምስሎች አንዱን የከፈተ ሰው ከተራሮቹና ከጉድጓዶቹ አስቀድሞ መስመሮችን ያያል። ምስሉ እንደ ጣውላ ወለል ጎን ለጎን ከተገጠሙ ቀጫጭን ቁራጮች የተሠራ ሲሆን፣ በየመጋጠሚያው የብርሃኑ መጠን በጥቂቱ ይለያያል፤ አልፎ አልፎም አንድ ሸንተረር ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲሻገር ዝንፍ ይላል። መጀመሪያ ላይ እነዚህን መስመሮች እንደ እንቅፋት እቆጥራቸው ነበር፤ ምክንያታቸውን ከተረዳሁ ወዲህ ግን የምስሉን ታሪክ የማነብባቸው እነርሱን ነው።

መንኮራኩሯ የያዘችው እውነተኛ ፊልም ነበር። በ70 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ በሁለት ሌንሶች፣ ማለትም ሰፊ ቦታ በሚያሳየው ባለ 80 እና ዝርዝሩን በሚያወጣው ባለ 610 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በአንድ ጊዜ ታነሣለች። ፊልሙ እዚያው በመንኮራኩሯ ውስጥ፣ በኬሚካል የራሰ ሌላ ስስ ሽፋን እየተጫነበት ይታጠባል። ከዚያም እጅግ ቀጭን የብርሃን ነጥብ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ ይቃኘዋል፤ በፊልሙ ውስጥ ያለፈው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጥና በሬዲዮ ወደ ምድር ይላካል። በሁለቱ ሌንሶች በአንድ ጊዜ የተነሣውን ጥንድ ምስል ቃኝቶ ለመላክ ብቻ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅ ነበር። ምልክቱን የሚቀበሉት በካሊፎርኒያ ጎልድስቶን፣ በማድሪድ አቅራቢያና በአውስትራሊያ ዉሜራ የነበሩት ጣቢያዎች ናቸው። እንግዲህ እያንዳንዱ ቁራጭ የዚያ የብርሃን ነጥብ አንድ ዙር ሥራ ነው።

በአንዳንዶቹ ምስሎች ላይ የሚታዩት ነጫጭ ክቦችና እንደ ዳንቴል የተጥለፈለፉ ነጠብጣቦችም የሚመጡት ከዚሁ ሂደት ነው፤ የራሰው ሽፋን ከፊልሙ ጋር በደንብ ሳይጣበቅ የቀረበት ስፍራ ሳይታጠብ ይቀራል። ይህን የማያውቅ ተመልካች በጨረቃ ላይ እንግዳ ነገር ያየ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ማኅደሩን መመርመር ለሚፈልግ ሁሉ የምመክረው፣ የጨረቃ የሆነውን ከፊልሙ ከሆነው መለየትን አስቀድሞ እንዲለማመድ ነው። ቀጥሎም የፀሐይ ብርሃን ከየት በኩል እንደሚመጣ ያረጋግጥ፤ ዓይናችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ ስለሚገምት፣ ከታች የበራ ጉድጓድ ጉብታ ሆኖ ይታያል፤ ምስሉን ሲገለብጡት ግን ወዲያውኑ ተመልሶ ይጎደጉዳል።

ከሁሉ አብልጬ ብዙ ሰዓት ያሳለፍሁት ሁለተኛው ሉናር ኦርቢተር በኖቬምበር 1966 ባነሣው የኮፐርኒከስ ጉድጓድ ምስል ላይ ነው። ኮፐርኒከስ 93 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። እስከዚያ ድረስ ሰዎች የሚያውቁት በቴሌስኮፕ ከላይ ወደ ታች በሚታይ መልኩ ነበር፤ መንኮራኩሯ ግን ከ45 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና ካሜራዋን ወደ ጎን አዘንብላ አነሣችው። በምስሉ መካከል ከወለሉ የተነሡት ኮረብቶች ይታያሉ፤ ከኋላቸው የሰሜኑ ግድግዳ በእርከን በእርከን ተንሸራትቶ የወረደበት ይቆማል። ወደ ኮረብቶቹ ግርጌ ጠጋ ብላችሁ ብታጎሉት ድንጋዮች በየቁልቁለቱ ተበትነው ታገኛላችሁ። ያን ጊዜ የነበሩ ጋዜጦች የምዕተ ዓመቱ ፎቶግራፍ ብለውታል፤ እኔም ስያሜው የተጋነነ አይመስለኝም፤ ጨረቃን ሰው ሊቆምባት የሚችል አገር አድርጎ ያሳየ ምስል ነውና።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልምጣ። ምኅዋሩ በራሱ ጊዜ ወርዶ ከወደቀው ከአራተኛው በቀር፣ መንኮራኩሮቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ለቀጣዮቹ ተልእኮዎች እንቅፋት እንዳይሆኑ ከጨረቃ ጋር ተላትመው እንዲጠፉ ተደርገዋል። ዋናው ፊልምም ከመንኮራኩሮቹ ጋር ቀርቷል። በምድር ላይ ለዋናው እጅግ የሚቀርበው ጣቢያዎቹ ምልክቱን እንደመጣ የቀዱበት ማግኔታዊ ቴፕ ነው። ሕዝቡ ለዐሥርተ ዓመታት ያየው ግን ምልክቱ በስክሪን ላይ ወጥቶ፣ ከስክሪኑ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ተነሥቶ፣ ቁራጮቹ ተገጣጥመው እንደገና የተነሡበትን ቅጂ ነበር። በየእርምጃው ከጥላውና ከድምቀቱ ዝርዝር ይጠፋ ነበር።

ቴፖቹ ወደ 1,500 የሚጠጉ ሲሆኑ፣ ሊነበቡ የሚችሉት አምፔክስ ኤፍ አር 900 በተባሉ ግዙፍ ማጫወቻዎች ብቻ ነው። የማኅደር ባለሙያዋ ናንሲ ኢቫንስ ቴፖቹ እንዲወገዱ አልፈቀደችም፤ ማጫወቻዎቹም ሲገኙ ቦታ አጥታ በራሷ ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት አስቀመጠቻቸው። በኋላ ዴኒስ ዊንጎና ኪት ካዊንግ የመሩት ቡድን በናሳ ኤምስ የምርምር ማዕከል ግቢ፣ ቀድሞ የማክዶናልድ ምግብ ቤት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ማሽኖቹን ጠግኖ ቴፖቹን ማንበብ ጀመረ። በኖቬምበር 2008 መጀመሪያ ይፋ ያደረገው፣ አንደኛው ሉናር ኦርቢተር ኦገስት 23 ቀን 1966 መሬትን ከጨረቃ አድማስ በላይ ያነሣበትን ምስል ነበር። የድሮውን ቅጂና ይህን ጎን ለጎን ከፍቼ ሳያቸው፣ በአሮጌው ላይ ነጭ ብቻ የነበረው የመሬት ገጽ በአዲሱ ላይ የደመና ቅርጽ ይዞ አገኘሁት።

ከ2009 ጀምሮ ሉናር ሪኮነሰንስ ኦርቢተር የተባለው ሌላው የናሳ የጨረቃ መንኮራኩር ካሜራ አንዱ ፒክስል ግማሽ ሜትር ያህል የሚሸፍንባቸውን ምስሎች እየላከ ስለሆነ፣ የድሮዎቹ ምን ያደርጋሉ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። አዲሱ ካሜራ የ1966ን ጨረቃ ሊያነሣ አይችልም፤ ከዚያ ወዲህ በገጿ ላይ ምን እንደተለወጠ ለማወቅ የሚነጻጸርበት የድሮ ምስል የግድ ያስፈልጋል። ለዚህም ሲባል መስመሮቹ የጠፉላቸው የጸዱ ምስሎች ሲዘጋጁ ያልጸዱትም አብረዋቸው እንዲቀመጡ እሻለሁ፤ ማጽጃው መስመሩን ሲያነሣ ከአጠገቡ የነበረን ትንሽ ጉድጓድ አብሮ እንዳነሣ ማወቅ የሚቻለው በእነርሱ ነውና።

በሚቀጥለው ዝግጅት አምስተኛው ሉናር ኦርቢተር በቪቴሎ ጉድጓድ ውስጥ ያነሣቸውን፣ ከኮረብታው ተንከባልለው ዱካቸውን በአፈሩ ላይ የተዉትን ቋጥኞች እንመለከታለን። ምስሉን አስቀድማችሁ ብትከፍቱት መልካም ነው፤ ስትከፍቱትም አነስተኛውን ቅጂ ትታችሁ ሙሉውን ፋይል አውርዱ፤ ዱካዎቹ በአነስተኛው ላይ በቀላሉ አይለዩም።