ጭቃ የነካው ደረሰኝ

(የዓለም የረግረጋማ ቦታዎች ቀን በሐረር ሲታሰብ፣ ጥር 25፣ ረግረጋማ ቦታዎችን በሚንከባከብ በጎ አድራጎት ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ከሐረማያ፣ ከአዴሌና ከአወዳይ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አደራችሁ። አሰላሙ ዓለይኩም። አካም ቡልታን።

ንግግር አድርጊ ስባል «እኔ? ሒሳብ ክፍሏ?» ነው ያልኩት። ስለ ረግረግ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ቢሯችን ሞልቷል። እኔ ለምን እንደተመረጥኩ እስካሁን ግልጽ አልሆነልኝም። ባለሙያዎቻችን አንዴ ማይክ ከያዙ ስለማይለቁ ይመስለኛል። አብሽሩ፣ እኔ በሰዓቴ እጨርሳለሁ። ለምሳውም ከፍለናል፣ መቀዝቀዝ የለበትም።

እኔ ወፍ ከወፍ አልለይም። ሣር ሁሉ ለእኔ ሣር ነው። የማውቀው ደረሰኝ ነው። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ የእናንተን ደረሰኝ ስቀበል፣ ስመልስ፣ ስጨቃጨቅበት። ሰው ስለ ራሱ የማያወራውን ደረሰኙ ያወራል።

ባለፈው ክረምት አንድ የመስክ ባለሙያችን ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት አስቀመጠ። ከደብተር የተቀደደ ነው። ግማሹን ጭቃ ነክቶት ደርቋል፤ ሲነኩት ይረግፋል። «የ14 ብርጭቆ ሻይ» ይላል። ከሥሩ የሻይ ቤቷ ባለቤት የጣት አሻራ አለ። ቀን የለው፣ ማኅተም የለው። እኔም እንደ ደንቡ መለስኩበት።

«ኦዲተር ይሄን ቢያይ ምን እለዋለሁ?» አልኩት።

«ሻይ ነው በይዋ!»

«ከስንት ሰው ጋር?»

«ከአንድ ሰው ጋር።»

እሱ ሰባት፣ ሰውየው ሰባት። ሦስት ቀን የፈጀ ሻይ ነው። ሰውየውን በኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ስለ ሐይቁ።

ከሐረር ወደ ድሬ ስትወጡ፣ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ሄዳችሁ የምታገኙት የሐረማያ ሐይቅ። እዚህ ከተማ ተወልደን ዕድሜያችን ገፋ ያለ ሁሉ የዚያን ሐይቅ ውኃ ጠጥተን ነው ያደግነው። የቧንቧችን ውኃ የሚመጣው ከዚያ ነበር። ዓሣ ይጠመድበት ነበር። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ግን ያ ሁሉ ውኃ አልቆ ወለሉ መሬት ሆነ። ከብት ተሰማራበት።

እንዴት ደረቀ? ባለሙያዎቻችን ለእኔ ለመሃይሟ እንዳስረዱኝ ላስረዳችሁ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። ዙሪያውን ካለው ኮረብታ የወረደ ዝናብ እዚያው ይጠራቀማል። ኮረብታው ሲራቆት ከዝናቡ ጋር አፈሩም ወረደ። ደለሉ ከሥር ሞላውና ጥልቀቱ አነሰ። የተዘረጋና ጥልቀት የሌለው ውኃ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ትጨርሰዋለች። በዚህ ላይ እኛ ከተሜዎቹ በቧንቧ ሳብነው። ጫቱ፣ ድንቹ፣ አትክልቱ በሞተር ሳበው። ውኃው ሲሸሽ ሞተሩ ተከተለው። ቱቦው በየዓመቱ እየረዘመ ሄደ። ውኃው ሲጠፋ ደግሞ የሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባል የለ? እዚህ ግን ራሱ ውኃው ነው እያሳሳቀ የሄደው።

የዚያን ጊዜ እኔ ጀጎል ውስጥ ነበርኩ፣ ወጣት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት «ውኃ መጣ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ ይነሳል። ቢጫ ጀሪካን ከሸዋ በር በኩል እስከ ቤታችን ተደርድሮ ያድራል። ጀሪካን የሌለው ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ ይይዛል። እናቴ ልብስ ያጠበችበትን ውኃ ወለል ትወለውልበታለች፣ ከዚያ ሽንት ቤት ትደፋዋለች። አንድ ውኃ ሦስት ሥራ ሳይሠራ ከቤታችን አይወጣም ነበር። እስከ ዛሬ ቧንቧ ተከፍቶ ጥርሱን የሚቦርሽ ሰው ሳይ እጄን ይበላኛል።

አሁን አንዱ ትልቁ የውኃ መስመራችን ከድሬዳዋ በኩል፣ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። ሐረር ከ1,850 በላይ። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። እያንዳንዷ ጀሪካን ከ600 ሜትር በላይ አቀበት በፓምፕ ተገፍታ ነው የምትመጣው። ድሮ እዚሁ ጎረቤታችን የነበረ ውኃ!

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሐይቁ ውኃ መልሶ መያዝ ጀምሯል። ዝናቡም ጥሩ ሆነ፣ ኮረብታው ላይም እርከን ተሠራ፣ ሞተሩም ቀነሰ። ማን መለሰው የሚለውን ተዉት። የማነበው ሪፖርት ሁሉ «እኛ መለስነው» ነው የሚለው። እኛ መለስነው ብለን እንዳንጽፍ ሥራ አስኪያጃችንን ለምኜያለሁ። የእኛ ልጆች ሥራ የተመለሰው ደግሞ እንዳይሄድ ነው። ይሄ ደግሞ ለሒሳብ ሠራተኛ መከራ ነው። ትምህርት ቤት ብትሠራ ፎቶ አንስተህ ከደረሰኙ ጋር ታያይዛለህ። ያልደረቀ ሐይቅ ምን ብለህ ታያይዛለህ?

አሁን ወደ ሰውየው። በሐይቁ ዳር መሬት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ኦቦ ብቻ ልበላቸው። ጫት አላቸው፣ ሞተር አላቸው። የእኛ ልጅ መጀመሪያ ቀን የተዘጋጀበትን ሁሉ ነገራቸው። ዳርቻው ላይ ሣርና ቄጠማ ቢቀር ደለሉን እንደሚያጣራ፣ ጎርፉን እንደሚያበርድ፣ ዳክዬው እዚያ ጎጆ እንደሚሠራ። ኦቦ ጨርሰው አዳመጡት። ከዚያ «ጫቱን ነቅዬ ዳክዬ ልቃም?» አሉት። ቤቱ ሳቀ። እሱም ሳቀና ሌላ ሻይ አዘዘ። መልስ አልነበረውማ።

ሁለተኛው ቀን ስለ ሐይቁ ምንም አላወራም። ስለ ጫት ዋጋ፣ ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ስለገባው የኦቦ ልጅ ሲያወሩ ዋሉ። ኦቦ ለሞተሩ ነዳጅ ምን ያህል እንደሚያወጡ የነገሩት ያን ቀን ነው። ሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ራሳቸው ጀመሩት። ውኃው በሸሸበት ዘመን ቱቦ ለማስረዘም የተበደሩትን አነሱ። «ያኔ ተያይዘን ጠጣነው፣ አቦ» አሉ። ከዚያ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሞተሩን በተራ ለማድረግ፣ ከዳር አንድ ጥማድ የማይሞላ ቁራጭ መሬት ለሣር ለመተው ተስማሙ። ሣሩን አጭደው ለከብት አርቢ ይሸጡታል። ቄጠማውንም ለበዓል። ቤታችን የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል?

ያንን ነው እኔ «ማኅተም የለውም» ብዬ የመለስኩት።

ቋንቋውን ካነሳን አይቀር፣ እኛ በወረቀት ላይ «ውኃ አዘል መሬት» እንላለን። አንዳንዱ «እርጥበታማ» ይላል፣ ሌላው «ረግረግ»። ገበሬው ግን «ጨፌ» ነው የሚለው። በአማርኛም በኦሮምኛም ጨፌ ማለት ያው ውኃ የጠገበ ለምለም መስክ ነው። የገዳ ጉባኤ ይቀመጥ የነበረው እንደዚህ ያለ መስክ ላይ ስለሆነ፣ ዛሬ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት «ጨፌ» ይባላል። ሕግ የሚወጣበት ቦታ ስሙን ያገኘው ከረግረግ ነው ማለት ነው። በእኛ በከተሜዎቹ አማርኛ ግን «ረግረግ ውስጥ ገባ» ማለት ጉድ ፈላበት ማለት ነው። የዚህ ድርጅት ሠራተኞች ግማሽ ድካም ይህችን ቃል ማስረሳት ይመስለኛል። ጎረቤቴ አንዴ «ምንድን ነው ቆይ የምትሠሩት? ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ!» አለችኝ። ጣና ዳር አረሙን በእጃቸው ሲነቅሉ የሚውሉት ሰዎች ይሄን ተረት ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ወፍ ቆጠራ ላይ አንድ ጊዜ ወስደውኛል። በየዓመቱ በአውሮፓውያን ጥር፣ በብዙ አገር፣ በተመሳሳይ ሰሞን የውኃ ወፍ ይቆጠራል። ከ1967 ጀምሮ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ሳይቋረጥ። ይሄን ስሰማ ደስ አለኝ። የዕቃ ግምጃ ቤት ቆጠራ በሉት! ቦቲ ጫማ አደረጉልኝ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ግራ እግሬ ወጣ፣ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሾፌራችን በሆዱ ተኝቶ ነው ያወጣው።

ቆጣሪዋ ልጅ አንድ በአንድ አትቆጥርም። በመነጽሩ አሥር ወፍ ትቆጥርና የአሥሩን ስፋት በዓይኗ ትይዛለች። ያንን ስፋት መንጋው ላይ እየደጋገመች ታሳርፋለች። መንጋው ሲበዛ በመቶ። እጇ ላይ ያለችውን መቁጠሪያ ጠቅ፣ ጠቅ። መሐል ላይ ጭልፊት መጣና ሁሉም ተነሳ። ምንም አልተናገረችም። እስኪያርፉ ጠብቃ ከአንድ ጀመረች። እኔ ብሆን የቀረውን በግምት እሞላው ነበር። ኦዲተር እዚህ ካለ አልሰማኝም።

ቁጥሩ ለጌጥ አይደለም። ዛሬ የምናከብረው ቀን የመጣው በካስፒያን ባሕር ዳር፣ ኢራን ውስጥ ራምሳር በምትባል ከተማ፣ በአውሮፓውያን 1971 ከተፈረመው ስምምነት ነው። በዚያ ስምምነት መሠረት አንድ ቦታ 20,000 የውኃ ወፍ በመደበኛነት ካስተናገደ፣ ወይም ከአንድ ዝርያ ሕዝብ መቶኛውን እጅ ከያዘ፣ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ አለው ሊባል ይችላል። አያችሁ? ቆጣሪዋ ደክሟት ብታሳንስ ቦታው ስሙን ሊያጣ ነው። በእነሱው አቆጣጠር ከ1970 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከዓለም የተፈጥሮ ረግረጋማ ቦታ 35 በመቶ ያህሉ እንደጠፋ ተገምቷል። ይህንንም ያወቅነው ጭቃ ውስጥ ቆሞ የቆጠረና የለካ ሰው ስላለ ነው።

አሁን ትንሽ ስለ ሕግ፣ እንግዶቻችን መካከል የሚመለከታችሁ ስላላችሁ። እኔ እዚህ ሙያ ስገባ የ2001 ዓ.ም.ቱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 621 ነበር። 70 በመቶ ለፕሮግራም፣ 30 በመቶ ለአስተዳደር። አፈጻጸሙ ላይ ግን መስክ ወጥቶ የሚከታተል ሰው ወጪ ሳይቀር አስተዳደር ይባል ነበር። ኦቦ ዘንድ ሻይ የጠጣው ልጅ በዚያ ስሌት ቢሮ ውስጥ እስክሪብቶ ካባከነ ሰው እኩል ነው። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 መጣ። የአስተዳደር ጣሪያው 20 በመቶ ሆነ፣ ግን ለፕሮጀክቱ ሥራ የሚወጣው ከአስተዳደር ወጣ። ተነፈስን።

ያልተነፈስንበት ሌላ ነገር አለ። ፕሮጀክት ሦስት ዓመት ነው። ጨፌ ሦስት ዓመት የሚባል ነገር አያውቅም። አንዱ ገንዘብ ሲያልቅ ሌላው እስኪመጣ ክፍተት ይፈጠራል፤ ኮንትራት ይቋረጣል። እያለቀሱ ፊርማ የሰጡኝ ልጆች አሉ። የጻፍኩላቸው የሥራ ልምድ ወረቀት ቅጂው መሳቢያዬን ሞልቷል።

አንድ ደብተር ይዣለሁ፣ ይኸው። ውኃው ውስጥ የተተከለች በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለች መለኪያ አለች። አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ቤት የተቀመጠ የአካባቢው ወጣት በየማለዳው እየሄደ ያነባታል። ቀን፣ ቁጥር። ቀን፣ ቁጥር። በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ክፍት ነው። እዚያ ላይ በእርሳስ «ዛሬ መንገዱ ላይ ጅብ ስለነበረ አልሄድኩም» ብሎ ጽፏል። የሐረር ሰው ጅብ ይፈራል እንዴ እንዳትሉ፣ የእኛዎቹ የለመዱት ናቸው።

ባለፈው ዓመት ከአንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላው ስንሻገር አራት ወር ደመወዝ አልከፈልንም። የደመወዝ መዝገቤ ላይ የዚህ ልጅ ረድፍ አራት ወር ባዶ ነው። ደብተሩ ሲመለስልኝ መጀመሪያ ያየሁት እነዚያን ወራት ነው። ቀን፣ ቁጥር። ቀን፣ ቁጥር። አንድም አልጎደለም። ደውዬ «ማን ሂድ አለህ?» አልኩት። «ማንም። ውኃውማ ኮንትራቱ ማለቁን አያውቅም» አለኝ።

እነዚያ አራት ወራት እኔ ዘንድ እስካሁን ክፍት ናቸው። አልዘጋኋቸውም፣ ልዘጋቸውም አልችልም፤ የማወጣበት የበጀት ርዕስ የለኝም። ከለጋሾች ወገን የመጣችሁ፣ ከቢሮዎችም የመጣችሁ፣ ከምሳ በኋላ ደብተሩን ከመዝገቡ ጎን አስቀምጬ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ልጁ ራሱ ዛሬ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ መለኪያውን ሳያነብ ስለማይነሳ ሚኒባሱ አምልጦት ይሆናል። ሳህን አስቀምጡለት።

የ14 ብርጭቆ ሻዩን ወረቀት በሽማግሌ ፊርማ አስደግፌ አወራርጄዋለሁ። የመስክ ቅድሚያ ክፍያ ወስዳችሁ ያላወራረዳችሁ ግን አላችሁ። አራት ናችሁ፣ ስማችሁን አልጠራም። ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ። ጭቃ ቢነካውም እቀበላለሁ።

አመሰግናለሁ።