ሲሚንቶ ነው ወይስ ድንጋይ?

[ምስል፦ ጠባብ ጉድጓድ፣ የባትሪ ብርሃን፣ ድጂኖ]

ሦስት ሜትር ወርደዋል። ድጂኖው «ቋ» አለ። አፈሩን በእጅ ጠረግ ሲያደርጉት ግራጫ፣ ጠጠር የተሰገሰገበት ነገር ብቅ ይላል። ታች ያለው ሰው ይጮኻል፦ «ሲሚንቶ ነው!»

ፊሊፒንስ ውስጥ ይህ ጩኸት ወርቅ ፈላጊዎችን ብዙ ገንዘብ አስወጥቷል። ጄኔራል ቶሞዩኪ ያማሺታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እዚያ የነበረውን የጃፓን ጦር የመራ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 በስቅላት ተቀጣ። ወታደሮቹ የዘረፉትን ወርቅ ዋሻ ውስጥ ከተው አፉን በሲሚንቶ ደፈኑት የሚለው ወሬ ግን እስከ ዛሬ አልሞተም። ስለዚህ ቆፋሪው ሲሚንቶ ሲያገኝ በር ያገኘ ይመስለዋል።

[ምስል፦ የተለያዩ ግራጫ ድንጋዮች በቅርበት]

አገሩ ግን ሲሚንቶ በሚመስል ድንጋይ የተሞላ ነው። ማኒላ ዙሪያ «አዶቤ» የሚሉት ድንጋይ ተጠቅጥቆ የጠነከረ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ከእሳተ ገሞራ ተራሮች የሚወርደው የጭቃ ጎርፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የፈነዳው የፒናቱቦ ጎርፍ ጭምር፣ ሲፈስም ሲደርቅም ቁርጥ አርማታ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ አሸዋና ዛጎል ተጣብቆ በጥቂት አሥርት ዓመታት ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ የጠርሙስ ስባሪ እንኳ ውስጡ ተቀብሮ ይገኛል። ያንን አይቶ «የሰው ሥራ ነው» ቢል ማን ይፈርድበታል?

«አቼቶ ጠብ አድርጉበት፣ ከፈላ ሲሚንቶ ነው» የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። የኖራ ድንጋይም፣ ኮራልም፣ ዛጎልም በአቼቶ ይፈላሉ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው የት ጋ እንደሚያልቅ ነው። አርማታ ሲፈስ ጭቃ ነበር፤ ጭቃ ደግሞ ካልያዙት ይሄዳል። ስለዚህ ወይ የካሳፎርማው፣ ማለትም አርማታውን ቅርጽ የሚያስይዘው፣ ጣውላ ያተመው መስመር ይኖረዋል፣ ወይ የተቆፈረ አፈር ላይ የቆመበት ጠርዝ። ጎኑን እየተከተላችሁ ጥረጉ። የተፈጥሮ ድንጋይ ከሆነ ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ እየገባ ይቀጥላል። ፌሮ ከወጣ ግን ክርክር የለም።

[ምስል፦ ጣት በጠጠሮቹ ላይ]

ከዚያ ጠጠሩን እዩ። ወንዝ ያስተኛው ጠጠር ጠፍጣፋ ጠፍጣፋው ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ፣ አንዱ ሌላው ላይ እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርቦ ይገኛል። በአካፋ የተቦካ አርማታ ግን እንደ ፍርፍር ነው፤ አቅጣጫ የለውም። የጭቃ ጎርፍ ያመጣውም እንዲሁ ዝብርቅርቅ ስለሚሆን በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

[ምስል፦ ጠብታ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ ሮዝ ቀለም]

የምወደው ፈተና ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ላይ ያያችሁት፣ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲያገኝ ሮዝ የሚሆነው ፊኖልፍታሊን የሚባል ፈሳሽ ነው። ጉማጁን በመዶሻ ስበሩት፤ አዲስ በተሰበረው ፊት ላይ ጠብ አድርጉ። የአርማታ ውስጡ ኃይለኛ ቤዝ ስለሆነ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ውጪውን ግን አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዓመታት ስለሚቀይረው ቀለም አይሰጥም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ላዩን ፈትኖ ነው። ስስ ከሆነ ደግሞ እስከ ውስጡ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል ቀለም ባይሰጥ «ድንጋይ ነው» ብላችሁ አትደምድሙ።

መዶሻውን ከማንሳታችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ፤ እዚያ አገር ያልፈነዳ የጦርነት ቦምብ ዛሬም ከመሬት ይወጣል።

ሮዝ ሆነ እንበል። እንግዲህ ሲሚንቶ ነው። የድሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳንም ሲሚንቶ ነው።