መልስ ያጣ ሞት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ስለ አስከሬን ምርመራ አወራችኋለሁ። ርዕሱ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሐሳቤ ግን ያለው ቀብር ላይ ቆመው በቀሩት ላይ ነው።

ፎረንሲክ ፓቶሎጂ፣ ማለትም የሞትን ምክንያት ከአስከሬን የሚመረምረው ሕክምና፣ ለዘመናት ሲያገለግል የኖረው ዳኛን ነው። እ.ኤ.አ. በ1247 ቻይናዊው ሹም ሶንግ ሲ የጻፈው ታሪክ አለ። አንድ ሰው በማጭድ ተገድሎ ይገኛል። መርማሪው የአካባቢው ሰዎች ማጭዶቻቸውን አምጥተው መሬት ላይ እንዲደረድሩ ያዛል። ዝንቦች መጥተው በአንዱ ላይ ብቻ ሰፈሩ፤ ዓይን ያላየውን የደም ርዝራዥ አገኙት። የማጭዱ ባለቤትም አመነ።

ከዚያ በኋላ መሣሪያው ተለዋወጠ፤ ጥያቄው ግን «ማን ገደለው?» እንደሆነ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1984 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አሌክ ጄፍሪስ አንዱን ሰው ከሌላው የሚለየውን የዲኤንኤ አሻራ አገኘ። በእንግሊዝ ለግድያ ምርመራ ሲውል በመጀመሪያ ያደረገው ነገር፣ ያልሠራውን ወንጀል ሠራሁ ብሎ ያመነን ወጣት ነጻ ማውጣት ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። በስዊዘርላንዷ በርን ከተማ ደግሞ ሐኪሞች አስከሬንን ሳይቀድዱ በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ የሚመረምሩበትን ቨርቶፕሲ የተባለ ዘዴ አዳበሩ። ሲቲ ስካን ስብራትንና ጥይትን አጥርቶ ያሳያል፤ በልብ ደም ሥሮች ላይ ግን ያለ ተጨማሪ ዘዴ ብዙ ያመልጠዋል። ቢላዋው ገና ጡረታ አልወጣም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚይዘኝ ገዳይ የሌለበት ሞት ነው። ጤናማ ወጣት ሲዋኝ ወይም በማንቂያ ደወል ደንግጦ ሲነሣ ድንገት ይሞታል። ሐኪሙ ልቡን ይከፍታል፤ ቅርጹ ፍጹም ደህና ነው። ጉድለቱ የነበረው በኤሌክትሪክ ምቱ ላይ ስለሆነ ልብ ከቆመ በኋላ የሚታይ አሻራ የለውም። ድሮ መዝገቡ «ምክንያቱ አልታወቀም» ተብሎ ይዘጋ ነበር። እናት ይህን ይዛ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ማድረግ ለእኔ ጭካኔ ነው።

አሁን የሟቹ ዘረመል ይነበባል። ሎንግ ኪውቲ የተባለው የምት መዛባት ከተገኘ፣ ከአንድ ወላጅ ሲወረስ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እህትና ወንድም ይመረመራሉ፤ ቤታ ብሎከር በተባለው መድኃኒት ወይም በደረት በሚቀበር መሣሪያ ሊድኑ ይችላሉ። ሟቹ ታናሹን አተረፈ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን በአንዲት የደም ብልቃጥ ላይ ይንጠለጠላል። ለማይክሮስኮፕ ተብሎ ፎርማሊን ውስጥ የተቀመጠ ሥጋ ዲኤንኤው ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ደም ወይም ያልተነከረ ሥጋ ለብቻው መቀዝቀዝ አለበት። ወጣት በድንገት የሞተበት ቤተሰብ ሐኪሙን «ናሙና አስቀምጣችኋል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ጥያቄውም ሳይዘገይ ይቅረብ። ውጤቱ አንዳንዴ «ትርጉሙ ያልለየ ለውጥ» ተብሎ ይመጣል፤ ያም ቢሆን ዕውቀቱ ሲጨምር ከዓመታት በኋላ እንደገና ተነቦ ሊለይ ይችላል።