የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የማይጮኽ የፕሮሰሰር ኩለር አመራረጥ

አድማጭ ከገርጂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቪዲዮ ኤዲቲንግ እሠራለሁ። ፕሮሰሰሬ ራይዘን 5 5600 ነው፤ ፋኑም አብሮት በካርቶኑ የመጣው ነው። ምንም ሳልሠራ ድንገት ይጮኻል፣ ይተዋል፣ መልሶ ይጮኻል። ትልቅ ኩለር (ማቀዝቀዣ) ልግዛ?

ባለሙያው፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ብሮውዘር በከፈቱ ቁጥር የፕሮሰሰሩ ሙቀት ለአፍታ ዘሎ ይመለሳል፤ ፋኑም ይከተለዋል። ጆሮ የሚያሰለቸው ደግሞ ይሄ መለዋወጡ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲሊት የሚለውን እየተጫኑ ባዮስ ወደሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር ይግቡና የፋን ማስተካከያውን ይፈልጉ፤ አሱስ ማዘርቦርድ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ኪው-ፋን፣ ጊጋባይት ላይ ስማርት ፋን ይባላል። እስከ 60 ዲግሪ ድረስ በአንድ ዝግ ያለ ፍጥነት እንዲዞር፣ ከዚያ ወዲያ ቀስ እያለ እንዲጨምር ያድርጉት።

ሬንደር ሲያደርጉ፣ ማለትም ያቀናበሩትን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ሲያወጡ ግን ይሄ ብቻ አይበቃም። ያለዎት ኩለር ሂትፓይፕ የሌለው አጭር አሉሚኒየም ነው፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ 65 ዋት ይባል እንጂ ሥራ ሲበዛበት እስከ 76 ዋት ይስባል። ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን፣ አራት ሂትፓይፕ ያለው ታወር (እንደ ግንብ የቆመ) ኩለር፣ ለምሳሌ ዲፕኩል ኤኬ400፣ ይበቃዎታል። ሂትፓይፕ ውስጡ ጥቂት ውኃ የታሸገበት የመዳብ ቱቦ ነው፤ ውኃው ፕሮሰሰሩ ጋ ይተናል፣ ክንፎቹ ጋ ሲደርስ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ፋኑ ሰፋ ሲል ያንኑ አየር በዝግታ እየዞረ ያንቀሳቅሳል፤ የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። አንዳንድ ኩለር ላይ ያለው ባለቀለም መብራት ዋጋ ከመጨመር በቀር ለዚህ የሚረዳው ነገር የለም።

የድሮውን ሲነቅሉ ይጠንቀቁ። ኮምፒውተሩን ትንሽ ያሠሩትና ፔስቱ፣ በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ይሙቅ። ከዚያ አጥፍተው ከመብራት ይንቀሉት፣ ብሎኖቹን ይፍቱ፤ ኩለሩን ሽቅብ ሳይስቡ ግራና ቀኝ ቀስ አድርገው ያዙሩት። ፔስቱ ደርቆ ከያዘ ፕሮሰሰሩን ከነእግሩ ነቅሎ ያወጣዋል፤ እግሮቹ ሲታጠፉ ደግሞ ማቃናቱ መከራ ነው።

አድማጭ ከድሬዳዋ፦ እዚህ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ጓደኞቼ በውኃ የሚሠራውን ግዢ ይሉኛል። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 12400 ነው።

ባለሙያው፦ እህቴ፣ ለ12400 አልመክርዎትም። ውኃው ሙቀቱን ወደ ራዲያተር ይወስዳል፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ግን ያው የክፍሉ አየር ነው። ክፍሉ 35 ዲግሪ ከሆነ የአየሩም የውኃውም ኩለር ከዚያ በታች አያወርድም። የፓምፑ ድምፅ ሲጨመርበት ደግሞ ጸጥታውም ቀረ። ይህ ፕሮሰሰር ቢበዛ 117 ዋት ቢስብ ነው፤ አንድ ደህና ታወር ይችለዋል።

ይልቅ ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሣጥን) ይዩት። ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ከሆነ፣ የፈለገው ኩለር ቢገባበት የሚስበው ራሱ ያሞቀውን አየር ነው። ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ይምረጡ፤ ከፊት የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ ፋን ይኑረው።

የአዲስ አበባ አድማጮችም ይሄን ልብ በሉ፦ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለን አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፤ ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ የምታዩት የሙቀት ቁጥር እዚህ በቀጥታ አይሠራም። ደግነቱ ብርዱ ይክሰናል።

አድማጭ ከሳሪስ፦ ወንድሜ ከቨርጂኒያ ሊመጣ ነው። ኖክቷ ኤንኤች-ዲ15 ላስመጣ?

ባለሙያው፦ ግሩም ኩለር ነው፤ ግን ቁመቱ 165 ሚሊሜትር ነው፣ ከነፋኖቹ ከአንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም በላይ ይመዝናል። እኔ ብሆን ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ አስመጣለሁ፤ ስድስት ሂትፓይፕና ሁለት ፋን አለው፣ ቁመቱ 155 ነው፣ ዋጋው የኖክቷን ግማሽ እንኳ አይደርስም። በጸጥታ ኖክቷ ይበልጠዋል፤ የዋጋውን ልዩነት ያህል ግን አይመስለኝም። ወንድምዎ ከመግዛታቸው በፊት ከማዘርቦርዱ እስከ ጎን ክዳኑ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ይለኩ፤ ራሙ (ሜሞሪው) ረጅም ከሆነም የፊተኛው ፋን ያርፍበታልና ይንገሯቸው። የፕሮሰሰርዎ መሰኪያ (ሶኬት) ኤልጂኤ1700 ከሆነ ካርቶኑ ላይ ቁጥሩ መጻፉን ያረጋግጡ፤ የብሎን ቀዳዳው ከቀድሞው ኤልጂኤ1200 ይለያል። እንዲህ ያለ ከባድ ኩለር የተገጠመበትን ኮምፒውተር በመኪና ስትወስዱት ኬዙን አስተኙት።

አድማጭ ከአዳማ፦ የኔ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው፤ እነዚህ ይገጥሙለታል?

ባለሙያው፦ አብዛኞቹ አይገጥሙም። የዴል ኩለር አሠራሩም የፋኑ ሶኬትም ለብቻው ነው፤ ሌላ ቢሰኩበት ሲነሣ የፋን ስህተት እያለ ኤፍ1 ያስጭንዎታል። አቧራውን ያጽዱና ፔስቱን ይቀይሩ፤ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ መሐል ላይ ትበቃለች። በብሎወር ሲነፉ ግን የፋኑን ክንፍ በጣት ይያዙት፤ በኃይል ከዞረ ኩሽኔታው ይበላሻል።