ያገለገለውን ድራም ልግዛው?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሦስት ሌሊት ሙሉ ሳወጣ ሳወርደው ያደርኩትን ጉዳይ ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

ያገለገለ የኤሌክትሮኒክ ድራም ለሽያጭ አግኝቻለሁ። ዕድሜው ከ15 ዓመት በላይ ነው፤ ባለቤቱ ከአሜሪካ ሲመለስ ይዞት የመጣ። የጠየቀኝ ዋጋ የሁለት ወር ደመወዜን ይወስዳል። ልጅ ሆኜ በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር ድራም እመታ ነበር። ትዳር ይዤ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ግን በትሮቹ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ይህን ስናገር ሆዴ ይባባል።

ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። የስኔሩ፣ ማለትም የመሐለኛው ዋና ከበሮ፣ ፊት ወንፊት በመሰለ መረብ የተወጠረ ነው። የጃፓኑ የሙዚቃ መሣሪያ አምራች ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1997 ቲዲ-10 የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ድራም ይዞ ሲወጣ ያስተዋወቀው ዓይነት መረብ ማለት ነው። ደረቅ ጎማ እየመታ የእጅ አንጓው የታመመ ሰው የዚህን ልዩነት ያውቀዋል፤ በትሩ በራሱ ነጥሮ ይመለሳል።

በኃይል አልመታሁትም። ያረጀ ድራም በኃይል ሲመቱት ሁልጊዜ ይጮኻል፤ ጉዱ የሚወጣው በቀስታ ሲነኩት ነው። ችክችካ ጀመርኩ። የችክችካ ነፍስ በትልልቆቹ ምቶች መካከል በሚሹለከለኩት ጥቃቅን ምቶች ውስጥ ነው። በግራ እጄ በትሩን ከመረቡ ሁለት ጣት ያህል ብቻ እያነሳሁ ነካካሁት። ስኔሩ አንዷንም አላስቀረብኝም። ቶም ከሚባሉት ሌሎቹ ከበሮዎች አንደኛው ግን መሐሉ ላይ ደንዝዟል። ከመረቡ ሥር ምቱን ለሴንሰሩ የሚያቀብል የስፖንጅ ሾጣጣ አለ፤ እሱ ተጨፍልቆ ይሆናል። ስፖንጅ ይቀየራል፤ አያሳስበኝም።

ያሳሰበኝ የሃይሃቱ ፔዳል ነው፤ ሃይሃት ማለት በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ጸናጽል ነው። ወይ ይከፈታል፣ ወይ ይዘጋል፤ መካከለኛው የለም። ያ ገርበብ ያለ፣ የሚንሿሿ ድምፅ ከሌለ ግማሽ እግሬን እንዳጣሁ እቆጥረዋለሁ።

ምቱን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ሣጥን፣ የሞጁሉ ድምፆች ዛሬ ሲሰሟቸው ቀጫጭን ናቸው። በዚህ አልተጨነቅኩም፤ ከኋላው ባለ አምስት ቀዳዳው የሚዲ መሰኪያ አለ። ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለ ቋንቋ ስለሆነ ይህን ሞጁል ከኮምፒውተር አገናኝቶ የተሻለ ድምፅ ማውጣት ይቻላል። የኃይል አስማሚው ጀርባ ላይ ግን «120 ቮልት» ይላል። እንዲሁ ከግድግዳችን 220 ላይ ቢሰካ ሊቃጠል ይችላል። ሌላ ስገዛም ቮልቱን ብቻ ሳይሆን የመሰኪያው መሐል ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ ማየት አለብኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። መረቡ ጸጥ ያለ ነው፤ የቤዝ ድራሙ ፔዳል ግን ወለሉን እየደለቀ በኮንክሪቱ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የታችኛውን ፎቅ እናት በር አንኳኳሁ።

«እማማ፣ ማታ ማታ ድም ድም የሚል ነገር ቢሰማዎት ይከፋዎታል?»

«ምን ልትወቅጥ ነው ልጄ?» አሉኝ።

አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ከሁለት ሰዓት ዜና በፊት ከጨረስክ ግድ የለኝም» አሉ። እኔ ከሥራ የምገባው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ የሁለት ወር ደመወዜ የሚገዛልኝ በቀን አንድ ሰዓት ነው። ደግሜ ደጋግሜ አሰላሁት፤ ያቺን አንድ ሰዓት እፈልጋታለሁ። ከእሳቸው ቤት እንደተመለስኩ በሁለት ጣውላዎች መካከል የቴኒስ ኳሶች ደርድሬ ከድራሙ ሥር የማነጥፈው መድረክ ልኬት ወሰድኩ።

የቀረችኝ አንዲት ፈተና ናት። ጓደኛዬ ከዚያው ሞጁል ጋር የሚሠራ ደህና የሃይሃት ፔዳል አለው፤ ሐሙስ ተውሼው እሄዳለሁ። በእሱ ስረግጥ ገርበብ ያለው ድምፅ ከመጣ ያረጀው ፔዳሉ ብቻ ነው ማለት ነው፤ የፔዳሉን ዋጋ አስቀንሼ ድራሙን የዚያኑ ዕለት ጭኜ እመጣለሁ። ካልመጣ ችግሩ ከሞጁሉ ሳይሆን አይቀርም፤ የጓደኛዬን ፔዳል ብቻ ይዤ እመለሳለሁ።